ከአንድ ላሜራ 660 ማያያዣ፦ በፕሬስ የሚመታ ዕቃ አነዳደፍና አመራረት

ይህ መመሪያ በሰበታ፣ በቡራዩ ወይም በሱሉልታ የብረታ ብረት ሥራ ቤት ላለዎት፣ ወይም አንድ ቀን ለመክፈት ለሚያስቡ የተጻፈ ነው። በጅማ፣ በአምቦና በጎጃም መንገዶች አዲስ አበባን የሚያዋስኑት እነዚህ ከተሞች ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ናቸው። በመንገዶቹ ዳርና በውስጥ ለውስጥ ሰፈሮች በርና መስኮት፣ አልጋ፣ መደርደሪያና ምድጃ የሚሠሩ ባለሙያዎች አሉ። ከእነዚህ ሥራ ቤቶች ብዙዎቹ ማጠፊያ፣ ማያያዣ፣ ሮንዴላና የቁልፍ መቀበያን የመሳሰሉ ትንንሽ ዕቃዎችን ከነጋዴ ይገዛሉ፤ አለዚያም አንድ በአንድ በግራይንደር ቆርጠው፣ በትራፓኖ በስተውና በመዶሻ አጥፈው ያዘጋጃሉ። ለሃያ ፍሬ ይህ መንገድ ትክክለኛ ነው። ለአምስት ሺህ ፍሬ ግን ጊዜ ይበላል፤ ከዚያም በላይ አንዱ ፍሬ ከሌላው ስለማይገጥም ገጣጣሚው ቀዳዳ ሲያሰፋ ይውላል።

ላሜራን በዳይ፣ ማለትም ቅርጽ በሚሰጡ ሁለት ተገጣጣሚ የብረት ክፍሎች፣ መካከል አስገብቶ በፕሬስ መምታት ይህን ችግር ይፈታል። ብዙ ሰው ግን ሥራውን ከመጨረሻው ይጀምረዋል፤ መጀመሪያ ፕሬስ ይገዛል፣ ቀጥሎ የሚመታበትን ዕቃ ይፈልጋል። የዚህ ጽሑፍ ዋና ምክር ተቃራኒው ነው። የዕቃው ዋጋ፣ ጥራትና የሚያስፈልገው ማሽን መጠን የሚወሰነው ገና በወረቀት ላይ፣ ዕቃው ሲነደፍ ነው። ከታች በአንድ ምሳሌ እንደምናየው፣ ያው ዕቃ በአንድ አነዳደፍ የ40 ቶን ፕሬስ ሲጠይቅ በሌላው 10 ቶን ይበቃዋል።

ከመጀመርዎ በፊት አንድ ቆርኪ ያንሱ። ሰበታ የሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ ከተማ ስለሆነች ቆርኪ እዚያ ብርቅ አይደለም። ይህች ትንሽ ዕቃ አሜሪካዊው ዊሊያም ፔይንተር እ.ኤ.አ. በ1892 የፈጠራ መብት ያገኘባት ናት። ጥርሶቿን ቢቆጥሩ 21 ናቸው፤ መጀመሪያ 24 ነበሩ። ሩብ ሚሊ ሜትር እንኳ ከማይሞላ ስስ ቆርቆሮ ክብ ሆና ትቆረጣለች፣ ወደ ታች ትሳባለች፣ ጠርዟም በእኩል ርቀት ይሸበሸባል። ላሜራ ሲሳብ ጠርዙ መሸብሸቡ በሌላ ዕቃ ላይ ጉድለት ነው፤ እዚህ ግን ነዳፊው ሽብሽቡን ጠርሙሱን ቆንጥጦ የሚይዝ ጥርስ አድርጎታል። የላሜራን ጠባይ አውቆ መንደፍ ማለት ይህ ነው።

ደረጃ 1፦ ዕቃው ዳይ የሚገባው መሆኑን ያስሉ

ዳይ ማሠራት አንድ ጊዜ የሚወጣ ትልቅ ወጪ ነው። የዳዩን ዋጋ በእጅ በመሥራትና በፕሬስ በመሥራት መካከል ላለው የአንድ ፍሬ የወጪ ልዩነት ያካፍሉት። ለስሌት ያህል ዳዩ 60,000 ብር ይሁን፤ አንዱን ፍሬ በእጅ መሥራት 14 ብር፣ በፕሬስ መምታት 2 ብር ያስወጣ። ልዩነቱ 12 ብር ስለሆነ ዳዩ ወጪውን የሚመልሰው በ5,000ኛው ፍሬ ላይ ነው። የራስዎን ቁጥሮች ያስገቡበት። የአንድ ዓመት ሽያጭዎ ከዚህ በታች ከሆነ ሁለት አማራጭ አለዎት፤ ዳዩን ማቅለል፣ ወይም ያንኑ ዕቃ ከሚጠቀሙ ጎረቤት ሥራ ቤቶች ጋር ተስማምቶ ለሁሉም መምታት።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ አንድ ዕቃ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይዘን እንሄዳለን። ዕቃው በኤል ቅርጽ የታጠፈ የመደርደሪያ ማያያዣ ነው። ሁለቱ ክንፎቹ በውጭ በኩል ሲለኩ 50 ሚሜ፣ ስፋቱ 30 ሚሜ፣ ውፍረቱ 2 ሚሜ፣ በየክንፉ ሁለት ሁለት ባለ 6 ሚሜ ቀዳዳዎች አሉት።

ደረጃ 2፦ ላሜራውን ይምረጡ፣ ከዚያም ይለኩት

ለሚታጠፍና ለሚሳብ ዕቃ ካርቦኑ ዝቅተኛ የሆነ፣ በብርዱ የተዳመጠ ላሜራ ይመረጣል፤ ገጽታው ንጹሕ፣ ውፍረቱም ወጥ ነው። በትኩሱ የተዳመጠው ጥቁር ላሜራ ዋጋው ይቀንሳል፤ ነገር ግን ላዩን የሸፈነው ቅርፊት ጠንካራ ስለሆነ የዳዩን ጠርዝ ቶሎ ያደነዝዛል። ዝናብ ለሚነካው ዕቃ ዚንክ የተቀባ ላሜራ ይሆናል፤ የተቆረጠው ጠርዝ ግን ዚንክ የሌለበት ባዶ ብረት መሆኑን ያስቡበት።

ነጋዴው የሚነግርዎትን ውፍረት ሳይሆን በማይክሮሜትር ያገኙትን ይመኑ። አራቱን ማዕዘንና መሐሉን ይለኩ። የዳዩ ክፍተት የሚሰላው ከእውነተኛው ውፍረት ነው፤ 2 ሚሜ ተብሎ የተገዛው ላሜራ 1.8 ከሆነ የማጠፊያው ማዕዘንም ሆነ የጠርዙ ጥራት ይለወጣል። የላሜራ ጥቅል በአብዛኛው ከውጭ የሚገባ ስለሆነ የሚቀጥለው ግዢዎ ከሌላ ፋብሪካ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ በየግዢው መለካት የማይታለፍ ልማድ ይሁን።

በክረምት ላሜራውን ከመሬት ከፍ አድርገው በእንጨት ላይ ያስቀምጡት፣ ዘይትም ይቀቡት። ዝገት ዳዩን የሚሞርድ አሸዋ ነው።

ደረጃ 3፦ ላሜራው የሚፈቅደውን ይንደፉ

ለለስላሳ ብረት የሚሠሩ መሠረታዊ ሕጎች እነዚህ ናቸው።

የቀዳዳው ስፋት ከላሜራው ውፍረት አይነስ። ከዚያ ካነሰ ቀዳዳውን የሚበሳው ዘንግ ይጎብጣል ወይም ይሰበራል።

ከቀዳዳው ጠርዝ እስከ ዕቃው ጠርዝ ቢያንስ የውፍረቱ ሁለት እጥፍ ይቅር። በእኛ ምሳሌ 4 ሚሜ ማለት ነው።

ከቀዳዳው ጠርዝ እስከ ሌላኛው ክንፍ ውስጠኛ ገጽ ያለው ርቀት ከውፍረቱ ሁለት እጥፍና ከእጥፋቱ ውስጠኛ ራዲየስ ድምር አይነስ። ከዚያ ከቀረበ ቀዳዳው ሲታጠፍ ተለጥጦ እንቁላል ቅርጽ ይይዛል።

የእጥፋቱ ውስጠኛ ራዲየስ ቢያንስ ከውፍረቱ ጋር እኩል ይሁን። ሹል እጥፋት ለዓይን ደስ ቢልም በውጭው በኩል ይሰነጠቃል።

የልኩን ፈቃድ ያለ ምክንያት አያጥብቡ። ብሎን የሚገባበት ቀዳዳ 0.2 ሚሜ ቢሰፋ የሚጎዳው ነገር ከሌለ በንድፉ ላይ ይኸው ይጻፍ። ያለ ፍላጎት የጠበበ ልክ ዳዩን ያስወድዳል፣ ደኅናውንም ፍሬ ያስጥላል።

በማያያዣችን ላይ ቀዳዳዎቹን ከውጫዊው ማዕዘን በ18 እና በ38 ሚሜ ላይ እናድርጋቸው። ለማዕዘኑ የሚቀርበው ቀዳዳ ጠርዝ ከሌላኛው ክንፍ ውስጠኛ ገጽ 13 ሚሜ ይርቃል፤ ሕጉ የሚጠይቀው 6 ብቻ ነው። ራቅ ያለው ቀዳዳ ጠርዝ ደግሞ ከጫፉ 9 ሚሜ ይርቃል። ሁለቱም አስተማማኝ ናቸው።

ደረጃ 4፦ ሳይታጠፍ በፊት ያለውን ርዝመት ያስሉ

ሁለት ባለ 50 ሚሜ ክንፍ ማለት 100 ሚሜ ላሜራ ማለት አይደለም። ላሜራ ሲታጠፍ ውጩ ይለጠጣል፣ ውስጡ ይጨመቃል፤ በመካከል ርዝመቱ የማይለወጥ መስመር አለ። ለለስላሳ ብረት ይህ መስመር ከውስጠኛው ገጽ በውፍረቱ 0.4 እጥፍ ገደማ ላይ ይገኛል።

ውስጠኛው ራዲየስ 2፣ ውፍረቱ 2 ሚሜ ነው። ከእያንዳንዱ ክንፍ ላይ የእነዚህን ድምር፣ 4 ሚሜ፣ ሲቀንሱ ቀጥተኛው ክፍል 46 ሚሜ ይሆናል፤ ለሁለቱ 92። ለ90 ዲግሪ እጥፋት ደግሞ 1.57 በ2.8 ይባዛል፤ 2.8 የመጣው ራዲየሱ 2 እና የውፍረቱ 0.4 እጥፍ 0.8 ተደምረው ነው። ውጤቱ 4.4 ሚሜ ነው። ድምሩ 96.4 ሚሜ ይመጣል። ቀዳዳዎቹ ከአንደኛው ጫፍ በ12፣ በ32፣ በ64.4 እና በ84.4 ሚሜ ላይ ያርፋሉ።

ስሌቱ መነሻ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም። ዳዩን ከማሠራትዎ በፊት ከዚያው ላሜራ ጥቂት ቁራጮችን በእጅ ቆርጠው በተመሳሳይ ራዲየስ አጥፈው ይለኩ። ክንፉ ረዝሞ ከመጣ ቁጥሩን ያስተካክሉ። ሁልጊዜም የማጠፊያው ልክ ከታወቀ በኋላ ነው የመቁረጫው ዳይ የሚሠራው።

ደረጃ 5፦ ዕቃውን በላሜራው ላይ ያስቀምጡ

የብዙ ዕቃዎች ዋጋ ከግማሽ በላይ ላሜራው ራሱ ነው። ስለዚህ አቀማመጡን በወረቀት ላይ ደጋግመው ይሞክሩ።

የተለመደውን 1 ሜትር በ2 ሜትር ላሜራ እንውሰድ። አንደኛው መንገድ ዕቃውን ዙሪያውን በዳይ መቁረጥ ነው። ይህ ላሜራውን ወደ ሰፊ ቅዳጆች ከፍሎ፣ በፍሬና በፍሬ መካከል፣ በየቅዳጁ ዳርና ዳርም የ3 ሚሜ ያህል ድልድይ መተው ይጠይቃል። በዚህ መንገድ ከአንድ ላሜራ ቢበዛ 570 ፍሬ ይወጣል።

ሁለተኛው መንገድ ላሜራውን አስቀድሞ ጊሎቲን በሚባለው መቁረጫ ማሽን ልክ በ30 ሚሜ ስፋት መቀደድ ነው። የዕቃው ሁለት ጎኖች ያን ጊዜ አልቀዋል። ዳዩ የሚቀረው ቀዳዳ መብሳትና በየ96.4 ሚሜው መቁረጥ ብቻ ነው። ከ1 ሜትሩ ስፋት 33 ቅዳጅ፣ ከእያንዳንዱ ባለ 2 ሜትር ቅዳጅ 20 ፍሬ፣ በድምሩ 660 ፍሬ ይወጣል። ያለ ተጨማሪ ብረት 90 ፍሬ ትርፍ ማለት ነው።

ቅዳጁ በየትኛው አቅጣጫ ይቀደድ? ባለ 1 ሜትር ቅዳጅ ቢቀድዱም 66 በ10፣ ያው 660 ይመጣል። ነገር ግን ላሜራ በፋብሪካ የተዳመጠበት አቅጣጫ አለው፤ በዚህ ልክ ላሜራ ላይ ብዙውን ጊዜ በረጅሙ ጎን ነው። እጥፋቱ ከዚህ አቅጣጫ ጋር ትይዩ ከሆነ ይበልጥ ይሰነጠቃል፤ ተሻግሮት ሲያልፍ ይጠነክራል። ባለ 2 ሜትሩ ቅዳጅ እጥፋቱን የሚያሻግር ስለሆነ እርሱን ይምረጡ።

ይህ መንገድ የራሱ ጥንቃቄ አለው። ጠባብ ቅዳጅ ከጊሎቲን ሲወጣ ይጠማዘዛል፤ ወደ ዳዩ ከመግባቱ በፊት በሮለር መካከል አሳልፈው ያቅኑት። የዕቃው አራት ማዕዘኖች ሹል ስለሚሆኑም ያለ ማለስለስ ለደንበኛ አይስጡ። ማዕዘኑ ክብ እንዲሆን ከተፈለገ በሁለት ፍሬ መካከል ቀጭን ቁራጭ የሚያስወጣ መቁረጫ ይሠራል፤ በየፍሬው ጥቂት ሚሊ ሜትር ላሜራ ይወስዳል፣ ተጨማሪ ኃይልም ይጠይቃል።

ደረጃ 6፦ ኃይሉን ያስሉ፣ ከዚያ ፕሬሱን ይምረጡ

የመቁረጫ ኃይል የሚገኘው የሚቆረጠውን መስመር ርዝመት በውፍረቱ፣ ውጤቱን ደግሞ ብረቱ መቆረጥን በሚቋቋምበት ጥንካሬ በማባዛት ነው። ለለስላሳ ብረት በካሬ ሚሊ ሜትር 320 ኒውተን ይያዙ።

ዙሪያውን ሲቆረጥ፦ የዕቃው ዙሪያ 252.8 ሚሜ ነው። በ2 እና በ320 ሲባዛ 162 ኪሎ ኒውተን ገደማ ይሆናል። አራቱ ቀዳዳዎች 48 ይጨምራሉ። ድምሩ 210 ኪሎ ኒውተን፣ ማለትም 21 ቶን ተኩል ያህል ነው። ላሜራውን ከላይኛው የዳይ ክፍል ላይ ለማላቀቅ ለሚያስፈልገው ኃይልና ለስለት መደንዘዝ 30 በመቶ ሲጨመር 28 ቶን ይሆናል። 25 ቶን አይበቃም፤ ወደ 40 ቶን መሄድ ግድ ነው።

በቅዳጅ ሲሠራ፦ የሚቆረጠው መስመር 30 ሚሜ ብቻ ስለሆነ 19 ኪሎ ኒውተን ይበቃል። ከቀዳዳዎቹ ጋር 67 ኪሎ ኒውተን፣ ወደ 7 ቶን ነው። ከመጠባበቂያው ጋር 9 ቶን። የ10 ቶን ፕሬስ ይችለዋል፤ 16 ቶን ቢሆን ደግሞ ለነገው ሥራም ይተርፋል።

ዕቃው አልተለወጠም፣ ላሜራውም ያው ነው። የተለወጠው አነዳደፉና አቀማመጡ ብቻ ነው። ኃይሉን ከዚህም በላይ ለመቀነስ ከፈለጉ ቀዳዳ የሚበሱትን ዘንጎች ከመቁረጫው በ2 ሚሜ ያህል ያሳጥሯቸው። ሁሉም በአንድ ቅጽበት ስለማይነክሱ ፕሬሱ የሚሸከመው ከሁለቱ ትልቁን ብቻ ይሆናል።

ያገለገለ ፕሬስ ሲገዙ በሰሌዳው ላይ የተጻፈው ቶን የሚገኘው የዳዩን ላይኛ ክፍል ይዞ የሚወርደው ተንሸራታች ወደ ታች መጨረሻው ሲቃረብ መሆኑን ያስታውሱ። ከፍ ባለ ቦታ ላይ አቅሙ በጣም ያንሳል። ተንሸራታቹን በእጅ ወዝውዘው ልቅነቱን ይፈትሹ፤ የሚወዛወዝ ፕሬስ ጥሩ ዳይ ያበላሻል።

ደረጃ 7፦ ዳዩን ይሥሩ

የዳዩን ላይኛ ክፍል ወንድ፣ ታችኛውን ሴት እንበል። በሁለቱ መካከል በየጎኑ የሚቀረው ክፍተት የሥራው ልብ ነው። ለለስላሳ ብረት ከውፍረቱ 7 በመቶ ገደማ ይያዙ፤ ለ2 ሚሜ 0.14 ሚሜ ይሆናል።

ክፍተቱን ከየትኛው እንቀንስ? ቀዳዳ ሲበሳ የቀዳዳውን ልክ የሚወስነው ወንዱ ነው፤ ስለዚህ ወንዱ 6.00፣ ሴቷ 6.28 ትሆናለች። ተቆርጦ የሚወድቀው ክፍል ዕቃው ራሱ ሲሆን ግን፣ ሮንዴላ ስንሠራ እንደሚሆነው፣ ልኩን የምትወስነው ሴቷ ናት፤ ክፍተቱም ከወንዱ ይቀነሳል። ይህ ከተገላበጠ ልኩ ከነጭራሹ ይሳታል።

ቅዳጁን የሚቆርጠው ወንድ በአንድ ጎን ብቻ ስለሚነክስ ወደ ጎን ይገፋል። ከጀርባው አስቀድሞ የሚደገፍበት ጠንካራ ብሎክ ይደረግለት። ድጋፍ ከሌለው ክፍተቱ እየሰፋ ይሄድና ጠርዙ ይበላሻል።

የዳዩ አሠራር በቅደም ተከተል እንዲህ ነው፦ ቅዳጁ በሁለት መሪ ሐዲዶች መካከል ይገባል። በመጀመሪያው ጣቢያ አራቱ ቀዳዳዎች ይበሳሉ። ቅዳጁ 96.4 ሚሜ ወደፊት ሲገፋ ማቆሚያውን ይነካል፤ ሾጣጣ መሪ ዘንጎች በተበሱት ቀዳዳዎች ውስጥ ገብተው ልኩን ያስተካክላሉ፤ ከዚያ መቁረጫው ይወርዳል። በእያንዳንዱ ምት አንድ ፍሬ ይወጣል። ማጠፉ በሁለተኛ ዳይ ይደረጋል፤ ለ30 ሚሜ ስፋት ግማሽ ቶን እንኳ የማይሞላ ኃይል ይበቃዋል፤ ማዕዘኑ እንዲጸና እስከ ታች ተጭኖ ሲመታ ግን ብዙ እጥፍ ይሆናል።

ላሜራ ከታጠፈ በኋላ በጥቂቱ ይመለሳል። ለለስላሳ ብረት ከ1 እስከ 3 ዲግሪ ነው። ስለዚህ የማጠፊያውን ዳይ በ88 ዲግሪ ይጀምሩት፤ ሙከራው የሚጎድለውን ይነግርዎታል።

ለብዙ ሺህ ፍሬ የሚሆን ዳይ ዲ2 ከሚባለው የመሣሪያ ብረት ይሠራል፤ ጥንካሬው በሮክዌል ሲ 58 እስከ 60 ይሁን። ይህ ብረት ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሚሞቅበትና ሙቀቱን የሚቆጣጠሩበት ምድጃ ይፈልጋል። ለሙከራና ለጥቂት ሺህ ፍሬ ከመኪና ባሌስትራ የሚገኘው ብረት ያገለግላል። ቀልቶ ማግኔት መያዝ ሲያቆም ትንሽ ጨምረው ያሙቁትና በዘይት ውስጥ ይንከሩት። ወዲያው በ200 ዲግሪ ገደማ ለአንድ ሰዓት ያህል መልሰው ያሙቁት። ይህን የመጨረሻ እርምጃ የዘለለ ዳይ በመጀመሪያዎቹ ምቶች ይሰነጠቃል። አሮጌ ባሌስትራ ውስጡ በድካም የተሰነጠቀ ሊሆን ስለሚችል የተሰበረውን አካባቢ አይጠቀሙ።

ወንድና ሴት በመሪ ምሰሶና በቡሽ የተያያዙበት የዳይ መደብ ይሥሩ። የፕሬሱ ተንሸራታች ልቅ ቢሆንም እንኳ መሪዎቹ አቅጣጫውን ይጠብቃሉ። ቅዳጁን ከወንዱ የሚያላቅቀውን ሰሌዳም አይርሱ፤ ያለ እርሱ ቅዳጁ ከወንዱ ጋር ተጣብቆ ይወጣል።

ደረጃ 8፦ ፕሬሱን ለቦታው ያዘጋጁ

ሦስቱም ከተሞች ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናቸው፤ ሱሉልታ ከእንጦጦ ማዶ በደጋው ላይ ናት። የኤሌክትሪክ ሞተሮች አቅም አብዛኛውን ጊዜ የሚሰላው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ነው። ከዚያ በላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩን በደንብ አያቀዘቅዘውም፤ የደጋው ብርድ በከፊል ያካክሰዋል። ስለዚህ ሞተሩን እስከ መጨረሻ አቅሙ አያሠሩት፤ የአየር መጭመቂያም ሲገዙ ከሚያስፈልግዎ ከፍ ያለ ይውሰዱ።

መብራት ሲጠፋ ቮላኖው፣ ማለትም የፕሬሱ ከባድ ተሽከርካሪ ጎማ፣ መሽከርከሩን ወዲያው አያቆምም። በውስጡ የያዘው ጉልበት ተንሸራታቹን አንድ ጊዜ ሊያወርደው ይችላል። መብራት በጠፋ ቁጥር ማብሪያውን ያጥፉ፣ ቮላኖው ፈጽሞ እስኪቆም ይጠብቁ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ዳዩን ይንኩ። መብራት ሲመለስ ሞተሩ በራሱ እንዳይነሣም ማብሪያው በእጅ ካልተጫኑት የማይነሣ ዓይነት ይሁን።

ዳዩን ሲያስሩ ቮላኖውን በእጅ እያዞሩ ተንሸራታቹን ቀስ ብለው ያውርዱ። ወንዱ ወደ ሴቷ ከ1 ሚሜ ብዙም ሳይበልጥ መግባቱ በቂ ነው። ክፍተቱን በፊለር ጌጅ በየጎኑ ይፈትሹ፤ እኩል ሳይሆን ሞተር አያስነሡ።

ደረጃ 9፦ እጅ ወደ ዳዩ እንዳይገባ ያድርጉ

በፕሬስ ላይ የሚደርስ አደጋ ጣት ይወስዳል፤ መልሶ አይሰጥም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነት እንዲጠብቅ ያስገድዳል። አዋጁ ባይኖርም ግዴታው የኅሊና ነው።

ፕሬሱ በሁለት እጅ በአንድ ጊዜ ሁለት ቁልፍ ሲጫኑ ብቻ እንዲመታ ያድርጉ። የእግር መርገጫ ካለ ዕቃ ወድቆ እንዳይጫነው ይሸፍኑት። የዳዩን ፊት በፍርግርግ ይዝጉ፤ ቅዳጅ ከማስገቢያው ሌላ ቀዳዳ አይተዉ። በቅዳጅ መሥራት እዚህም ይጠቅማል፤ የሠራተኛው እጅ ቅዳጁ ሊያልቅ እስኪደርስ ከዳዩ ሩቅ ነው። ለመጨረሻዋ ቁራጭ ረጅም መቆንጠጫ ይስጡት። በማጠፊያው ዳይ ላይ ግን ፍሬው አንድ በአንድ ስለሚቀመጥ መቆንጠጫው ከመጀመሪያው ፍሬ ጀምሮ ግዴታ ነው።

ደረጃ 10፦ የመጀመሪያውን ፍሬ ይመርምሩ፣ ጠርዙን ያንብቡ

የተቆረጠ ጠርዝ ዳዩ ያለበትን ሁኔታ ይናገራል። በማጉያ መነጽር ሲያዩት ከላይ ትንሽ የተጠማዘዘ፣ ቀጥሎ የሚያብረቀርቅ፣ ከሥር ሻካራ የተሰበረ ክፍል ይታያል። የሚያብረቀርቀው የውፍረቱ ሲሶ ያህል ከሆነ ክፍተቱ ጥሩ ነው።

ሁለት የሚያብረቀርቁ መስመሮች ካዩ ክፍተቱ ጠቧል። ጠርዙ በጣም ተጠማዝዞ ከሥሩ ትልቅ ስል ጠርዝ ካለው፣ ክፍተቱ ሰፍቷል ወይም ዳዩ ደንዟል። ስሉ ጠርዝ በአንድ ጎን ብቻ ከሆነ ወንዱና ሴቷ ማዕከላቸው አልገጠመም። የስሉ ጠርዝ ቁመት ከውፍረቱ አሥር በመቶ፣ በእኛ ዕቃ 0.2 ሚሜ፣ ሲያልፍ ሥራውን አቁመው ዳዩን ይሳሉ።

ሲያጥፉ በጊሎቲን የተቀደደው ጎን ስል ጠርዝ ወደ እጥፋቱ ውስጥ ይዙር። ውስጡ ስለሚጨመቅ ስንጥቅ አይጀምርም፤ ወደ ውጭ ከዞረ ግን መሰንጠቁ የሚነሣው ከዚያ ስል ጠርዝ ነው።

ለቀዳዳው ሁለት ጫፍ ያለው መፈተሻ ዘንግ ያሠሩ፤ የ5.9 ሚሜው ጫፍ መግባት አለበት፣ የ6.2 ሚሜው መግባት የለበትም። ሠራተኛው በየሁለት መቶው ፍሬ አንዱን ይፈትሽ። መለኪያ ማንበብ ሳያስፈልገው ደኅናውን ከተበላሸው ይለያል።

የሚሳብ ዕቃ ከሆነ

የጽዋ ቅርጽ ያለው ዕቃ ለመሥራት የሚቆረጠው ክብ ስፋት እንዲህ ይገኛል፦ የጽዋው ስፋት በራሱ ይባዛል፤ የስፋቱና የቁመቱ ብዜት አራት እጥፍ ይደመርበታል፤ ከድምሩ ካሬ ሥሩ ይወሰዳል። ስፋቱ 60፣ ቁመቱ 20 ሚሜ ለሆነ ጽዋ ክቡ 91.7 ሚሜ ይሆናል። ክቡ ከጽዋው 1.8 እጥፍ እስካልበለጠ ድረስ በአንድ ምት መሳብ ይቻላል፤ እዚህ 1.53 ነው። ከበለጠ በሁለት ምት ይሳቡት። ጠርዙ ከተሸበሸበ የላሜራ መያዣውን ግፊት ይጨምሩ፤ ከታች ከተቀደደ ይቀንሱ፣ ወይም የሴቷን ማዕዘን ይበልጥ ያክብቡ፣ ዘይትም ይጨምሩ።

ደረጃ 11፦ ዳዩን እንደ ሀብት ይያዙት

ለእያንዳንዱ ዳይ አንድ መዝገብ ይክፈቱ። የላሜራው የተለካ ውፍረት፣ የተመታው ፍሬ ብዛት፣ ዳዩ የተሳለበት ቀንና ሲሳል የተነሣው መጠን ይጻፍበት። ከጥቂት ወራት በኋላ ዳዩ በስንት ሺህ ፍሬ እንደሚደነዝዝ ያውቃሉ፤ ሳይደነዝዝም ይስሉታል። የመጨረሻውን ቅዳጅ ከነቀዳዳዎቹ ከዳዩ ጋር አስረው ያስቀምጡ። ዳዩ በሚቀጥለው ጊዜ ሲወጣ የነበረበትን ሁኔታ ያሳያል።

ከዚህ ወዴት?

ዳይ የሚሠራ ሰው ለማግኘት የቴክኒክና ሙያ ተቋማትን ይጠይቁ። አዲስ አበባ ውስጥ ተግባረ ዕድና ጀኔራል ዊንጌት ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጆች የብረታ ብረት ሥራ ያስተምራሉ። የአምራች ኢንዱስትሪ ልማት ኢንስቲትዩት ለአምራቾች የቴክኒክ ድጋፍ ለመስጠት የተቋቋመ ነው። ማሽኑን በአንድ ጊዜ መግዛት ካልቻሉ በሊዝ የሚሰጡ የካፒታል ዕቃ ፋይናንስ ተቋማት አሉ። ወደ እነዚህ ቢሮዎች ሲሄዱ ግን ባዶ እጅዎን አይሂዱ። ንድፉን፣ የተዘረጋውን ርዝመት፣ የላሜራውን አቀማመጥና የኃይሉን ስሌት ይዘው ይሂዱ። የ10 ቶን ፕሬስ የሚበቃዎት ሆኖ የ40 ቶን ብድር እንዳይሸከሙ የሚያድንዎት ይህ ወረቀት ነው።

በሦስቱ ከተሞች ያሉ ሥራ ቤቶች ተመሳሳይ ማጠፊያና ማያያዣ ይፈልጋሉ። አንዱ የማያያዣ፣ ሌላው የማጠፊያ፣ ሦስተኛው የቁልፍ መቀበያ ዳይ ቢያሠራና ለሌሎቹ ቢመታ፣ የማንም ዳይ ሥራ አይፈታም፤ የቡራዩው ማያያዣም በሱሉልታው መደርደሪያ ላይ ያለ ሞረድ ይገጥማል። የእርስዎ ድርሻ የቱ እንደሆነ ለማወቅ ባለፈው ዓመት በብዛት የገዙትን ወይም በእጅ የሠሩትን አንድ ትንሽ ዕቃ ይምረጡ፣ ይለኩት፣ ስሌቱንም ከደረጃ 1 ይጀምሩ።